ትልቅ ጎማ ያስገጠመ ሂሉክስ፦ የኋላውን ዲፈረንሻል ብቻ መቀየር ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «አዳማ ነው የምኖረው። ቶዮታ ሂሉክስ ደብል ካቢን አለኝ፤ ሞተሩ 5ኤል ናፍታ፣ ካምቢዮው ባለ 5 ማርሽ ነው። አምና 205/80 አር16 የነበረውን ጎማ አውጥቼ 265/75 አር16 አስገጠምኩ፤ ቸርኬውንም 7 ኢንች ስፋት ባለው ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ አልሳብ አለች። ሽንኩርት ጭኜ በአሰላ መንገድ ከደራ ወደ ኢተያ ስወጣ በአራተኛ ማርሽ ትታፈናለች፣ ሦስተኛ ካስገባሁ ደግሞ ትጮኻለች። ጋራዥ ‹የኋላውን 4.1 ዲፈረንሻል አውጥተን 4.875 እናስገባልህ፣ ጉልበትም ፍጥነትም ትጨምራለች፤ ፎር ዊል ብዙ ስለማትጠቀም የፊቱ ይቅር› አሉኝ። በሳምንት ሁለት ጊዜ አሰላ እወጣለሁ፣ በፈጣኑ መንገድ አዲስ አበባም እመላለሳለሁ፣ ክረምት ላይ ማሳ ድረስ ስገባ ፎር ዊል አስገባለሁ። ልቀይር?»

ምላሽ፦ የኋላውን ብቻ አይቀይሩ። 4.875ም ለእርስዎ መንገድ አይሆንም። ምክንያቱን ለማየት መጀመሪያ ዲፈረንሻል የሚሠራውን ሥራ በቦታው እናስቀምጠው።

ዲፈረንሻል ጉልበት አይፈጥርም። ከሞተሩ በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) በኩል የመጣለትን ዙር ይቀንሳል፣ በቀነሰው ልክ የመዞር ኃይሉን አብዝቶ ለጎማው ይሰጣል፤ ሥራው ይኸው ነው። 4.1 ሲባል ትራስሚሲዮኑ፣ ማለትም ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ረጅም ዘንግ፣ 4.1 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ይህ የሚገኘው ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ትልቁ ጥርስ፣ ኮሮናው፣ 41፣ እሱን የሚያዞረው ትንሹ፣ ፒኞው፣ 10 ጥርስ ስላላቸው ነው። 4.3 ላይ 43 በ10፣ 4.556 ላይ 41 በ9፣ 4.875 ላይ 39 በ8 ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር መኪናው ዳገት ላይ ይቀለዋል፣ ሜዳ ላይ ግን በአንድ ዓይነት የሞተር ዙር የሚሄደው ፍጥነት ይቀንሳል። «ጉልበትም ፍጥነትም» የሚባል ነገር በዲፈረንሻል አይገኝም፤ አንዱን የሚገዙት ሌላውን ሰጥተው ነው።

አሁን ወደ ጎማው። የድሮው 205/80 አር16 ከዳር እስከ ዳር ሲለካ 734 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ አዲሱ 265/75 አር16 ደግሞ 804። ልዩነቱ 9.5 በመቶ ነው። ጎማው በዚያ ልክ ሲተልቅ መኪናው በአንድ ዙር ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ መሬቱን የሚገፋበት ኃይልም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 4.1ን ለ1.095 ቢያካፍሉት 3.75 ገደማ ይመጣል። እንግዲህ አምና ጎማ ቤት ቆመው ሳሉ ዲፈረንሻልዎን ከ4.1 ወደ 3.75 ቀይረውታል ማለት ነው፤ አንድ ብሎን ሳይፈታ። መኪናዋ የደከመችው ሞተሯ ስለቀነሰ ላይሆን ይችላል።

ዳገቱ ላይ የሚሆነውን በቁጥር ይዩት። በአራተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ሞተሩ በድሮው ጎማ በደቂቃ 1780 ዙር ገደማ ይዞር ነበር፤ በአሁኑ 1620 ገደማ ነው። የ5ኤል ሞተር ከፍተኛውን የመዞር ኃይል የሚሰጠው 2400 ዙር አካባቢ ነው። በ1620 ጭነት ይዞ ሲጠየቅ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ይሞቃል። ሦስተኛ ሲያስገቡ፣ የማርሹ ቁጥር 1.45 አካባቢ ስለሆነ፣ በዚያው 60 ላይ ዙሩ ወደ 2350 ይወጣል። «ትጮኻለች» ያሉት ይህን ነው። ግን ሞተሩ በደንብ የሚጎትተው እዚያ ላይ ነው። ድምፁ ጆሮ ላይ ይከብዳል እንጂ ሞተሩን አይጎዳውም፤ የሚጎዳው በአራተኛ ፔዳሉን እስከ ወለል ረግጦ ማስጨነቅ ነው። እስከዚያው ድረስ ዳገቱን በሦስተኛ ይውጡት፣ የሙቀት መለኪያውንም ይከታተሉ።

ከፍታውም ድርሻ አለው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1600 ሜትር በላይ ናት፣ አሰላ ከ2400። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር አዳማ ላይ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፣ አሰላ ሲደርሱ ከ20 በመቶ በላይ። 5ኤል ሲጀመርም ከፍ ያለ ጉልበት ያለው ሞተር አይደለም፤ ከዚያ ላይ ይህን ያህል ሲቀነስበት፣ ጎማው የወሰደው 9.5 በመቶ ቆላ ላይ ከሚሰማው በላይ ዳገት ላይ ይሰማል። መልካሳን አልፈው ደራ እስኪደርሱ ያልታወቀው ድካም ኢተያ ላይ የሚገለጠው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የማያሰላው አንድ ነገር አለ። በእርስዎ ካምቢዮ ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ሲወርዱ የሚያገኙት ልዩነት 18 በመቶ ገደማ ነው። ከ4.1 ወደ 4.875 የሚደረገው ለውጥ 19 በመቶ ነው። ዲፈረንሻል ፈትተው፣ ከፍለው፣ ቀናት አስቁመው የሚያገኙት ነገር መሪው ላይ ሆነው አንድ ማርሽ ከመቀነስ ጋር እኩል ነው። ከ4.1 ወደ 4.556 ከሆነ 11 በመቶ ብቻ ነው፤ ከአንድ ማርሽ ያነሰ። ታዲያ መቀየሩ ትርጉም የሚኖረው መቼ ነው? ከሦስተኛ እስከ አራተኛ ያለው ክፍተት 45 በመቶ ስለሆነ፣ አራተኛው ትንሽ ሲያንስበት ሦስተኛው በጣም የሚበዛበት መኪና፣ በዚያ ላይ አብዛኛውን ቀን እንዲህ ባለ መንገድ የሚውል ከሆነ፣ አራተኛውን ወደሚሠራበት ቦታ ለመመለስ ዲፈረንሻል መቀየር ተገቢ ነው። አራተኛው ማርሽ ከቦታው የወጣው ግን በጎማው ምክንያት ከሆነ፣ ጎማውን መመለስ ያንኑ ሥራ በትንሽ ወጪ ይሠራል።

«የፊቱ ይቅር» ያሉት ነገር በጣም አሳሳቢው ነው። እንዲህ ያለው ሂሉክስ ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላ ትራስሚሲዮኖች አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ በመካከላቸው ልዩነት የሚያቻችል ዲፈረንሻል የለም። የኋላው 4.875፣ የፊቱ 4.1 ከሆነ የኋላ ጎማ 100 ሜትር ሲሄድ የፊቱ 119 ሜትር መሄድ ይፈልጋል። ደረቅ መንገድ ላይ ይህ 19 ሜትር የሚሄድበት የለውም። ጎማ ይንሸራተታል፣ ክሮቼራ (የትራስሚሲዮኑ መገጣጠሚያ) ይሰበራል፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው የትራንስፈሩ ጥርስ ወይም ሰንሰለት ይሄዳል፣ አንዳንዴም የፊት አክስሉ። «ጭቃ ላይ ብቻ ነው የማስገባው» የሚለው አያድንም፤ የፊት ጎማዎች ያለማቋረጥ ቀድመው ስለሚሽከረከሩ መሪው በትክክል አይታዘዝም፣ ከጭቃው ወጥተው ጠንካራ መሬት እንደነኩ ደግሞ ኃይሉ ሁሉ ብረቱ ላይ ያርፋል። በሁለት ጎማ ብቻ ሲነዱ ምንም ችግር አይታይም፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። መኪናውን አንድ ቀን ሌላ ሰው ይዞት ይወጣል፣ ወይም ይሸጣል፣ ያ ሰው ሳያውቅ ያስገባዋል። የኋላው ብቻ መቀየር የሚቻለው ፎር ዊል በሌለው መኪና ላይ ነው።

ከምንም በፊት ግን 4.1 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ያረጋግጡ። ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለው የመለያ ሰሌዳ ላይ የአክስል ኮድ አለ፤ ነገር ግን ዕድሜ በጠገበ ሂሉክስ ላይ ዲፈረንሻሉ ከዚህ ቀደም ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል በሰሌዳው ብቻ አይወስኑ። ሜዳ ቦታ ላይ ያቁሙ፣ የፊት ጎማዎችን ፊትና ኋላ በድንጋይ ወይም በእንጨት ያስደግፉ፣ ፎር ዊሉን ያውጡ፣ ካምቢዮውን ነጻ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ። ከኋላ አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ አንስተው በካቫሌቶ (በብረት መቆሚያ) ላይ ያስቀምጡ፤ ሌላው መሬት ላይ ይቆይ። ጎማው ላይና ትራስሚሲዮኑ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። የተነሣውን ጎማ በእጅ 20 ሙሉ ዙር ያዙሩ፣ ረዳትዎ ከጎን ሆኖ የትራስሚሲዮኑን ዙር ይቁጠር። አንዱ ጎማ ስለቆመ የጎማው 20 ዙር የኮሮናው 10 ዙር ነው። ትራስሚሲዮኑ 41 ከዞረ 4.1፣ 43 ከዞረ 4.3፣ 45 ተኩል ከዞረ 4.556፣ 49 ሊሞላ ሩብ ሲቀረው ከቆመ 4.875 ነው። ጎማው በእጅ አልዞር ካለ ዲፈረንሻልዎ መንሸራተትን የሚቆጣጠር ዓይነት ስለሚሆን ሁለቱንም ጎማ አንስተው እኩል በማዞር 10 ዙር ይቁጠሩ። የፊቱንም ሀቦቹን (ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዙትን) ቆልፈው፣ የኋላ ጎማዎችን አስደግፈው፣ በዚሁ መንገድ ይለኩ። በመኪናው ሥር ሙሉ በሙሉ ገብቶ በክሪክ ብቻ መሥራት አይቻልም፤ ካቫሌቶ ከሌለ ሥራውን ይተዉት።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ሞተሩ ነው። በሦስተኛ ማርሽ፣ በተለመደው ጭነትዎ፣ ፔዳሉን ረግጠው ዙሩ ወደ 3000 እንዲወጣ ቢፈቅዱለትም መኪናው ዳገቱን መያዝ ካቃተው ጉድለቱ የዲፈረንሻል አይደለም። የአዳማ ንፋስና አቧራ የአየር ማጣሪያን ቶሎ ይደፍናል፤ አውጥተው ብርሃን ፊት ሲይዙት ብርሃን ካላሳለፈ ይቀይሩት። የናፍታ ማጣሪያው፣ የኢንጀክተሮቹ አረጫጨት፣ የናፍታ ፓምፑ የመርጫ ሰዓት፣ የቫልቭ ክፍተት፣ የተያዘ ፍሬን ይታዩ። ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) በአምስተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ፔዳሉን በመርገጥ ይፈትኑት፤ ዙሩ ብቻ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለ እየሸረተተ ነው። በሸረተተ ፍሪሲዮን ላይ ዲፈረንሻል መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

እሺ፣ ትልቁን ጎማ አልለቅም ካሉስ? ከዚያ ሒሳቡ ይህ ነው። 4.1ን በ1.095 ሲያባዙ 4.49 ይመጣል፤ ለዚህ የሚቀርበው 4.556 ነው፣ መኪናውን ከፋብሪካው ሁኔታ በ1.5 በመቶ ብቻ ከፍ አድርጎ ይመልሰዋል። ፈጣኑ መንገድ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፣ አምስተኛው ማርሽ 0.85 ነው ብንል፣ በድሮው ጎማ ሞተሩ 2520 ዙር ገደማ ነበር፤ ዛሬ 2300 ነው፤ በ4.556 ወደ 2560 ይመለሳል፤ በ4.875 ወደ 2740 ይወጣል። ይህ የመጨረሻው ከአዳማ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ያለ ጥቅም ናፍታ መጨመርና ጆሮ ማድከም ነው። 4.875 ከከተማና ከኮረኮንች ለማይወጣ፣ ሁልጊዜ ጭነት ለሚይዝ መኪና ይሆናል። እግረ መንገዱን 4.556 የፍጥነት መለኪያውንም ያርመዋል። የመለኪያው ገመድ ከዲፈረንሻሉ በፊት ካለው ከትራንስፈሩ ስለሚነሣ፣ ዛሬ 100 እያለ እየሄዱ ያሉት 109 ነው። በ4.556 ግን 100 ሲል 98 ተኩል ገደማ ይሆናል።

ሥራው ላይ ደግሞ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አዲስ ኮሮናና ፒኞ ገዝቶ አሁን ባለዎት ዲፈረንሻል ቅርፊት ውስጥ ማስገጠም፣ ሌላው በፋብሪካው የተገጠመና ያልተነካ ሙሉ ዲፈረንሻል መግዛት ነው። ሁለተኛውን ይምረጡ። የሂሉክስ የኋላ ዲፈረንሻል ከፊት በኩል ተነቅሎ የሚወጣ ስለሆነ፣ ዘይቱ ይፈሳል፣ የጎማዎቹ ዘንጎች ወደ ውጭ ይሳባሉ፣ ትራስሚሲዮኑ ይፈታል፣ ዙሪያውን የያዙት ዳዶዎች ይፈታሉ፣ ሙሉው ይወጣል። ከባድ ነውና ሁለት ሰው ይያዘው። ዘንጎቹ ሲሳቡ የፍሬን ቱቦው ስለሚፈታ ፍሬኑ አየር ይወጣለታል፤ የዘንጎቹ ፓራዮሊዮም (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ቀለበት) በዚያው ይቀየራል። የድሮው እንዳለ ይመለሳል ማለት ፍሬን ጫማ ላይ ዘይት ማፍሰስ ነው።

ኮሮናና ፒኞ ብቻ የሚቀየር ከሆነ ግን ባለሙያው በጆሮና በእጅ ስሜት ሳይሆን በመለኪያ መሥራት አለበት። ሁለቱ ጥርሶች ፋብሪካ ውስጥ አንድ ላይ ተፋጭተው የወጡ ጥንድ ናቸው፤ ኮሮናውን ከአንድ ቦታ፣ ፒኞውን ከሌላ ቦታ አምጥቶ ማጋጠም አይቻልም። የፒኞው ጥልቀት በስስ ስፔሰሮች ይስተካከላል፤ በኮሮናውና በፒኞው ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት በባለ 8 ኢንቹ የቶዮታ ዲፈረንሻል ላይ ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኮሮናው ብሎኖች በቶርክ መፍቻ በ97 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። ኩሽኔታዎቹ (ዘንጎቹ የሚዞሩባቸው ባለ ኳስ ወይም ባለ ሮለር ቀለበቶች) እና ተጨምቆ የሚቀረው የፒኞ ቀለበት አዲስ ይሁኑ። ከዚያ ጥርሱ ቀለም ተቀብቶ ይዞርና ፒኞው የረገጠበት ቦታ ይታያል። አሻራው በጥርሱ መሃል ማረፍ አለበት። ወደ ጥርሱ ጫፍ ከወጣ ፒኞው ከኮሮናው ርቋል፣ ወፍራም ስፔሰር ይፈልጋል፤ ወደ ጥርሱ ሥር ከወረደ ተጠግቷል፣ ስስ ይፈልጋል። ይህን አሻራ ሳያሳዩዎት ዲፈረንሻሉ እንዲዘጋ አይፍቀዱ፤ ስልክዎ ላይ ፎቶ ያንሱት። በትክክል ያልተገጠመ ዲፈረንሻል መጀመሪያ ቀጭን ፉጨት ያሰማል፣ ቀጥሎ ይግላል፣ በመጨረሻ ጥርሱ ይረግፋል፤ የኋላው ጎማ በፍጥነት መንገድ ላይ በድንገት ሊታሰር ይችላል።

ሙሉ ዲፈረንሻል ፍለጋ የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራም ይሂዱ ሌላ ቦታ፣ ገንዘብ ከመስጠትዎ በፊት ጥርሱን ራስዎ ይቁጠሩ። 41 በ9 መሆኑን ዓይንዎ ይየው እንጂ በሻጩ ቃል አይሂዱ። የጥርሱ ፊት ላይ ጉድጓድ ወይም የሰማያዊነት ምልክት ካለ ይተዉት፤ ሰማያዊው ያለ ዘይት የጋለ ብረት ነው። የፒኞው ዘንግ ባለ 27 ወይም ባለ 29 ጥርስ ሊሆን ስለሚችል ትራስሚሲዮኑ የሚታሰርበት ክብ ከእርስዎ ጋር መግጠሙን ያመሳክሩ። የፊቱ በባሌስትራ (በተደራረበ የብረት ምንጣፍ ስፕሪንግ) የተሸከመ ቀጥ ያለ አክስል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከኋላው ጋር የሚቀራረብ ባለ 8 ኢንች ስለሆነ ማግኘቱ ይቀላል። ጎማዎቹ በየራሳቸው የሚወዛወዙበት ዓይነት ከሆነ ግን የፊቱ ዲፈረንሻል አነስ ያለና የተለየ ነው፤ የፊቱን በ4.556 ሳያገኙ የኋላውን አይግዙ።

ዘይቱ ጂኤል-5 ባለ 80ደብልዩ-90 ይሁን፤ የኋላው ወደ 2 ሊትር ገደማ ይይዛል፣ ልኩ ግን ከመሙያው ቀዳዳ ጠርዝ እኩል ሲሆን ነው። አዲስ ጥርስ ከሆነ መጀመሪያ ቀን ያለ ጭነት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነድተው እስኪቀዘቅዝ ያቁሙ፣ ከዚያ እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ጭነት አይጫኑ፣ በመጨረሻም ዘይቱን ይቀይሩ። የሚወጣው ዘይት ውስጥ ብርማ ዱቄት የተለመደ ነው፣ ጥፍር የሚይዘው ስባሪ ግን አይደለም።

ሁለት ነገሮችን ዲፈረንሻል አይፈታቸውም። ትልቁ ጎማ ፍሬኑ መሬቱን የሚይዝበትን ኃይልም ወደ 9 በመቶ ቀንሶታል፤ ከአሰላ ወደ ደራ ጭነው ሲወርዱ ይህ ከዳገቱ ይበልጥ ሊያሳስብዎ ይገባል። ሌላው ጭነቱ ነው። እንዲህ ያለው ደብል ካቢን ሂሉክስ አንድ ቶን ገደማ እንዲሸከም ነው የተሠራው፤ ለምሳሌ 12 ኩንታል ሽንኩርት ላይ ሾፌርና ረዳት ሲጨመር የትኛውም የጥርስ ቁጥር ኩሽኔታውንና ባሌስትራውን አያድንም።

ስለዚህ የማደርግልዎ ምክር አንድ ነው። 4.1ን አይንኩ፣ 265ቱን ጎማ ይሽጡና ለጭነት መኪና የተሠራ 225/75 አር16 ጎማ ያስገጥሙ። ቁመቱ 744 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከፋብሪካው 1.3 በመቶ ብቻ ይበልጣል፣ አሁን ያለዎት 7 ኢንች ቸርኬም ይይዘዋል፣ ከ205ቱ ይልቅም ሰፋ ብሎ ጭቃውን ይረግጣል። አራተኛው ማርሽ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ የፍጥነት መለኪያው ይስተካከላል፣ ፍሬኑ ይመለሳል፣ ፎር ዊሉም ያለ ስጋት ይገባል። ጎማው ከተቀየረ በኋላ በዚያው ጭነት፣ በዚያው ከደራ ኢተያ ባለው ዳገት፣ በአራተኛ ማርሽ 60 ላይ እንደገና ይሞክሩት። ያኔም ጥቁር ጭስ እያወጣ ከደከመ መኪናውን ይዘው የሚሄዱት ወደ ፓምፕና ኢንጀክተር ባለሙያ ነው።